ሳታጥቡት አምጡልኝ

መጀመሪያ ብስክሌቱን ገልብጣ በመሪውና በኮርቻው ታቆመዋለች። የኋላውን ጎማ ቡሎን በአሥራ አምስት ቁልፍ ታላላለች፣ ካቴናውን በሌባ ጣቷ ከጥርሱ ላይ ታነሣለች፣ ጎማውን ሳብ አድርጋ ታወጣዋለች። ከዚያ የፍሬኑን ሸራ ትነቅላለች። የተበላውን ጎን በአውራ ጣቷ ጥፍር ትፍቃለች፤ ጥፍሯ ሥር የቀረውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባ ታየዋለች። ለጥገናው ይሄኛው አያስፈልግም። ግን ካላየች አይሆንላትም።

የጠጠሩ መንገድ የሚያልቀው እሷ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ከዚህ በላይ አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር ጥርጊያ አለ፤ ኮረብታውን ይወጣል፣ ጫካውን ይሰነጥቃል፣ በሐይቁ ግድብ ግርጌ ዞሮ ይመለሳል። የኮረብታው አቧራ እንደ ዱቄት የላመ አመድማ ነው። የጫካው አፈር ቀይ ሆኖ የበሰበሰ ቅጠል ይቀላቀልበታል። የሐይቁ ዳር ጭቃ ጥቁር ነው፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ብስክሌት ስትፈታ ኖራ መንገዱን ከጥፍሯ ሥር ታነባለች። ዳሌዋን ስለሚያማት ራሷ ከወጣች ቆይታለች።

ሰፈሩ «እትዬ ጎማ» ይላታል። አንድ ጊዜ ኮረብታው ላይ እናቱን ጠይቆ እንደመጣ ለሚስቱ የነገራት ሰውዬ ፍሬኑን ሊያስጠግን መጣ። እትዬ ጎማ በሚስቱ ፊት ሸራውን ፍቃ «እናትህ ጫካ ገቡ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ወዲህ ነገር ያለበት ወንድ ብስክሌቱን ሌላ ቦታ ያሠራል እየተባለ ይቀለዳል።

ከከተማ የሚመጡትን ነጂዎች በዚህ መንገድ የሚመራው ታናሽ ወንድሟ ነው። መንገዱን የቀየሰው፣ ቀስቱን በየድንጋዩ ላይ የቀባው እሱ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሃያም ሠላሳም ሰው አስከትሎ ይወጣል። ምሳ የሚያሳርፋቸው ከግድቡ ሥር ካለው ለምለም ሜዳ ላይ ነው፤ ግድቡ ነፋሱን ይከልላል፣ ጥላም አለው።

ከአራት ዓመት በፊት ጭቃ መጥረግ ሰልችቷት በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀለች፦ «የታጠበ ብስክሌት ብቻ እንቀበላለን»። ወንድሟ ትእዛዙን አከበረ። የነጂዎቹን ብስክሌት ሁሉ ጥርጊያው መግቢያ ላይ ካለው ቧንቧ እያሳጠበ ይልክላት ጀመር። ወለሏ ጸዳ፤ ጥፍሯም ሥር የሚቀረው ነገር እያነሰ ሄደ።

አንድ ማክሰኞ ቧንቧው ተዘጋ። አንዲት አስተማሪ ፍሬኑ የሚጮህ ብስክሌት እየገፋች መጣች፤ ውኃ ስለሌለ እንዳለ እንዳመጣችው ይቅርታ ጠየቀች። እትዬ ጎማ አጉረመረመችና ገለበጠችው። ሸራውን ፋቀች። አመድማ፤ እሺ። ቀይ፤ እሺ። ከዚያ ጥቁሩን ስትጠብቅ ሌላ ነገር መጣ። ሰማያዊ፣ እንደ ቅቤ የሚያሙለጨልጭ፣ ሽታ የሌለው። ካቴናው ውስጥም ገብቷል፤ ገና እርጥብ ነው።

ዝናብ ከጣለ ሰባት ሳምንት ሆኖታል።

 መደርደሪያው ላይ ደረሰኝ እንዳይበር የምትጭንበትን የደረቀ የሸክላ ጓል አወረደች። ጓሉ ላይ የአባቷ አራት ጣቶች ታትመዋል። አባቷ ግድቡ ሲሠራ ጭቃ ረጋጭ ነበር። የአፈር ግድብ ሆዱ ውስጥ እንደ ግድግዳ የቆመ ሸክላ አለው፣ ውኃውን የሚያቆመው እሱ ነው፣ ከላይ የምታዩት አፈር ልብሱ ነው ይል ነበር። ያ ሸክላ በመኪና ተጭኖ የመጣው ከሩቅ አገር ነው፤ በዚህ አካባቢ ቢቆፈር አይገኝም። እሷ የጓሉን ጫፍ በምራቋ አራሰችና ከጥፍሯ ጭቃ ጎን አስቀመጠችው። አንድ ናቸው።

አባቷ ሌላም ያላት ነገር ነበር። «ግድብ እንባ ያነባል፤ ጠርቶ ቢያነባ አትፍሪ። ደፍርሶ ካነባ ግን የራሱን ሥጋ እየበላ ነው።»

በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ውኃ መሥሪያ ቤት ሄደች። ጸሐፊው መሐንዲሱ ለመስክ ሥራ እንደወጣ ነገራት። ማመልከቻ እንድትጽፍ መከራት፤ የግድቡ ፋይል ደግሞ አምና ተመርምሮ ደህና እንደተባለ ጨመረላት። እሷ ስለ ፋይሉ ጤና እንዳልመጣች ብትነግረው ሳቀ። ማመልከቻውን ጽፋ ወጣች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ወንድሟ ለቅዳሜ ብስክሌቱን ሊያስፈትሽ መጣ። ሃያ ሦስት ሰው እንደተመዘገበ፣ ከእነሱም ውስጥ ልጆቻቸውን የሚያመጡ እንዳሉ በደስታ ነገራት። እሷ ሜዳው ላይ እንዳያሳርፋቸው ጠየቀችው። ምክንያቱን ስትነግረው ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ።

«እታለም፣ ሐይቁን በዓይንሽ ካየሽው ስንት ዓመት ሆነሽ? የሚጮኸው እኮ ፍሬን ነው፤ ግድብ አይደለም። ጥፍርሽ ሊያስተዳድረን ነው እንዴ?»

ቁልፉን አስቀመጠች። አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲመልስላት ለመነችው፤ ሜዳው እርጥብ ነው ወይ?

ወንድሟ መቀለዱን ተወ። ካቴናውን እያሽከረከረ ከሁለት ወር ወዲህ ከግርጌው ትንሽ ምንጭ እንደወጣች ተናገረ። ነጂዎቹ እንዳይሰምጡ አራት ሳንቃ አንጥፎባታል። ውኃዋ ቀዝቃዛ ስለሆነች ኮዳቸውን ይሞሉባታል። እንግዳ ሲመጣ የሚያሳያት እንደ ጌጥ ነው።

«አሁንም ትሞላላችሁ?»

«አሁን ተውነው።»

«ለምን?»

ወንድሟ የብስክሌቱን ጥርስ የሚቆጥር ይመስል አንገቱን ደፋ። «ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደፍርሳለች።»

ያኔውኑ ወጡ። አንድ ጎረቤት በጋሪው እስከ ጫካው ጫፍ አደረሳቸው፤ የቀረውን በእግር ሄዱ፤ እሷ እያነከሰች፣ እሱ ክንዷን ይዞ። ሜዳው ጸጥ ያለ ነበር። ከብት አይግጥበትም፣ ወፍም አይቀመጥበትም። ከግድቡ ሥር በጣም ቀጭን የውኃ ድምፅ ይሰማል፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚያንሾካሹክ ሰው ይመስላል። ውኃው በተዘረጋበት ሁሉ ሣሩ ሰማያዊ ልባስ ለብሷል። ሳንቃዎቹ ሦስት ናቸው።

«አራት ነው ያልከኝ።»

«አራት ነበር ያነጠፍኩት» አለ ወንድሟ። አራተኛው የነበረበት ቦታ ላይ ሣሩ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። በእጁ የያዘውን ምርኩዝ ሰደደው። ክንዱ እስኪደርስ ገባ፤ መሬት አላገኘም። ቀስ ብሎ አወጣውና እህቱን ወደ ኋላ ሳባት።

ከምንጯ ውኃ በብርጭቆ ቀድተው ወደ ውኃ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። በዚህ ጊዜ መሐንዲሱ ነበር። እትዬ ጎማ ሌላ ማመልከቻ አልጻፈችም፤ ብርጭቆውን የአምና ፋይል ላይ አስቀመጠችለት፣ ጓሉንም ከጎኑ። መሐንዲሱ ጓሉን አነሣ፣ ብርጭቆውን አየ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ። ስንት ቀን ሆነው ብሎ ጠየቃት። ጸሐፊው ያን ጊዜ አልሳቀም። ከሰዓት በኋላ የግድቡ መዝጊያ ተከፍቶ ሐይቁ መጉደል ጀመረ።

ቅዳሜ ሃያ ሦስቱ ነጂዎች በሸንተረሩ ዞሩ። ዳገቱ በዛብን፣ ሜዳው ቀረብን እያሉ አጉረመረሙ። ወንድሟ ተሰደበ፣ ታገሠ። በግምት እነሱ ምሳ በሚበሉበት ሰዓት ላይ የሜዳው መሬት ሦስቱን ሳንቃ በአንድ ጊዜ ዋጠ። ያየው የግድቡ ዘበኛ ብቻ ነው፤ አንድም ድምፅ አልሰማሁም ብሏል።

ግድቡ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሐይቁ ግማሽ ሆኗል፤ ዳሩ ተሰነጣጥቆ ይታያል። መሐንዲሱ ጥገናው ሊጀመር ነው ይላል። ክረምቱ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ክረምት ደግሞ ጥገና መጀመሩን አይጠብቅም። ሜዳው ዙሪያ ገመድ ተወጥሯል።

እትዬ ጎማ ሰሌዳዋን ያኔውኑ አውርዳዋለች። አራት ዓመት ሙሉ መንገዱ የላከላትን ደብዳቤ በራሷ እጅ ስታሳጥብ መኖሯ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ወለሏ ዳግመኛ ቆሽሿል፤ ትጠርገዋለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ጎረምሳ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ብስክሌት አመጣላት። ካቴናውን ፈትታ ስታየው መገጣጠሚያው ውስጥ ሰማያዊ ነገር አገኘች። ጎረምሳው መሬት መሬት አየ። ገመዱን ተሻግሮ ፎቶ ሊነሣ ገብቶ ነበር። እሷ ቀና ብላ «ደፍርሳ ነው ወይስ ጠርታ?» ብላ ጠየቀችው። አላስተዋለም።

ይህን ለምታነቡና ብስክሌት ለምትነዱ አንድ ልመና አላት። ገመዱን አትሻገሩ። ከተሻገራችሁም፣ መቼም መሻገራችሁ አይቀርም፣ አትዋሿት፤ ብስክሌቱንም ሳታጥቡት እንዳለ አምጡላት።