ቢቸና ላይ ያልተቀመሰው ጠላ

ነገሩ ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ከሐሳቤ ያልወጣው የተሰበረው እጄ አይደለም። እጄማ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ትንሽ ያጉረመርማል። ከሐሳቤ ያልወጣችው አንዲት ልጅ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የልጅ ልጄ ደብረ ማርቆስ ሆና በስልክ እያስወራችኝ ነው ይህን የጻፈችው። ያሳመረችው ነገር ካለ የእሷ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

የምኖረው ቢቸና ነው፣ ብቻዬን። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቼም በየአገሩ ተበትነዋል። ከአጥሬ ማዶ ያለችው እትየ የሻረግ ናት። የጊዮርጊስን ማኅበር ስንት ዓመት አብረን ጠጥተናል! ልጇን ጌትነትን ሕፃን ሆኖ በጀርባዬ አዝዬዋለሁ። ይኸው ልጅ ነው እንግዲህ አጥሩን ወደ ጓሮዬ ሲያስገባ "ኧረ ተው" ስለው እኔንም የገፋኝ። ወደቅሁ። ቀኝ እጄ ከአንጓው ላይ ተሰበረ።

ሽማግሌዎች መጡ። "ልጅ ነው፣ ይቅር በይውና ክስ የሚባል ነገር አይነሳ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይምጣ፤ ከፊቴ ቆሞም "እኔ ነኝ የገፋኋት" ይበል አልኩ። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

እሱ ግን "ጭቃው አንሸራትቷት ነው የወደቀች፤ ለአንዲት አሮጊት ድንጋይ አልሸከምም" ብሎ ላከብኝ። አሮጊት ማለቱንስ ይሁን፣ እኔም መስታወት አለኝ። ያንገበገበኝ ውሸቱ ነው። ያየ ሰው ነበረ እኮ! ሲጠየቅ ግን ሁሉም አላየሁም አለ። ከሰስኩ።

ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሂጂ ተባልኩና ሄድኩ። አንዲት ቀጭን ልጅ ወረቀት ታገላብጣለች።

"አንቺ ልጅ፣ እስቲ አለቃሽን ጥሪልኝ" አልኳት።

"ለዛሬ አለቃዬ እርስዎ ነዎት እማማ፤ ይቀመጡ" አለችኝ።

ለካ ዐቃቤ ሕጓ ራሷ ናት። ማስተዋል ትባላለች። ስለ እጄ ጠየቀችኝ፣ የሐኪሙን ወረቀት አየች። ቀጥላ ብዕሯን አስቀመጠችና "እርስዎ ምን ቢሆንልዎ ነው የሚፈልጉት?" አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሽማግሌውም ጎረቤቱም የሚነግረኝ ማድረግ ያለብኝን ነው። ስለ ድንጋዩ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። "እሱ ይበል አይበል ቃል አልገባልዎትም። እርስዎ ግን ያዩትን ሳይፈሩ እንዲናገሩ አደርጋለሁ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ራቀኝ። እሳት የሚጭር እንኳ በደጄ አያልፍም። መንገድ ላይ ሰላም ስላቸው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። የጊዮርጊስ ማኅበር ተራዬ ደረሰ። በአንድ እጄ ጌሾ ወቅጬ፣ በአንድ እጄ ጠንስሼ፣ መደቡን አንጥፌ ጠበቅኳቸው። አንድም ሰው አልመጣም። ቄሱ እንኳ አሟቸው ነው አሉ። መቼም በዚያን ቀን ያልታመመ ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሩ ሲንኳኳ ዘልዬ ተነሳሁ። ማስተዋል ናት፤ ቀጠሮዬ መቼ እንደሆነ ልትነግረኝ በእግሯ መጥታ። ባዶውን መደብ አየችው። እኔ ፈጠን ብዬ በዋንጫ ሞልቼ ሰጠኋት።

"አልችልም እማማ። ጉዳይዎ በእጄ እያለ ከቤትዎ ውሃም አልቀምስም" አለችኝ።

"መርዝ መሰለሽ? አንቺን ገድዬ ማን ይከራከርልኛል?"

ሳቀች፣ ግን አልተቀበለችም። ከፋኝ። በእኛ አገር የማኅበር ጠላ እምቢ አይባልም። እሷ ግን አልሄደችም። ደጃፌ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ የማወራውን ሁሉ ሰማችኝ። እኔም ያልሆነውን ሳይቀር አወራሁላት።

የችሎቱ ዕለት ግቢው በጌትነት ዘመድ ሞልቷል። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ማስተዋል ወጥታ እጄን ያዘችና ፋይል የታጨቀበት አንድ ክፍል አስገባችኝ። "አሁን አሠራሩ ተለውጧል። የተበደለ ሰው ከተከሳሽ ዘመድ ጋር ተጋፍቶ አይጠብቅም" አለችኝ። ችሎት ስንገባም "ሌላ ሰው አይዩ፣ እኔን እያዩ ይናገሩ" አለችኝ። እሷን እያየሁ ተናገርኩ። ልጁን በጀርባዬ ማዘሌንም ሳልተው።

ስጨርስ ጌትነት ተነሳ። ቀድሞ ክዶ ነበር። አሁን እግሩን እያየ፣ "እኔ ነኝ የገፋኋት" አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

"ዳኛዬ" አልኩ፣ "ጆሮዬ ከብዷል፣ ይድገምልኝ።"

ጆሮዬ ደኅና ነው፤ ድመት ስትረግጥ እሰማለሁ። ማስተዋል አንገቷን ደፋች። ስትስቅ እንዳትታይ መሆኑ ገብቶኛል። ልጁ ጮክ ብሎ ደገመው። ቅጣቱ ተገድቦለት፣ ሳይታሰር ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። ደስ አለኝ። እቤቴ ስገባ ግን ደስታዬን የምነግረው ሰው የለም።

ጠላውን አሁን ትቀምሳለች ብዬ አዲስ ጠንስሼ ቢሮዋ ብሄድ ሞጣ ተዛውራለች ተባልኩ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። በጀሪካን ቀድቼ፣ ዳቦ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። በየጉድጓዱ ጠላው ይንቦጫቦጫል። ረዳቱ "እማማ፣ ሊፈነዳ ነው" ሲለኝ "ያኔ ሁላችሁም ትጠጣላችሁ" አልኩት።

ሞጣ ጠይቄ ጠይቄ አገኘኋት። የምትኖረው በአንዲት ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ራቷ በሳህን ቆሎ።

"ጎረቤት የለሽም?" አልኳት።

"አለ። ግን ዛሬ ቤቱ ብበላ፣ ነገ ልጁ ቢከሰስስ? ወይ ተበድሎ ቢመጣስ? ቢቸናም እንዲሁ ነበር። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ሰው ቤት የተቀመጥኩት እርስዎ ደጃፍ ላይ ብቻ ነው።"

እኔ የተገለልኩት አንድ ሰው ከስሼ ነው። እሷ በየቀኑ ትከሳለች።

ጀሪካኑን ከፈትኩት። ፀሐይና መንገድ አበላሽቶታል፣ ኮምጣጣ ሆኗል። "ጉዳይዎ አለቀ፣ ቢቸናም ከእንግዲህ የሥራ ቦታዬ አይደለም፣ አሁን ይቻላል" አለችና ዓይኗን ጨፍና ጨለጠችው። "ጣፋጭ ነው" አለች፣ ፊቷ ተጨማዶ።

ዛሬም እትየ የሻረግ ሰላምታዬን አልመለሰችልኝም፤ ማኅበሩም በደጄ አልፎ ይሄዳል። በመክሰሴ አልጸጸትም። መሽቶ ሲነጋ ግን የሰው ድምፅ ይናፍቀኛል። በየጊዮርጊሱ ማስተዋል ትደውልልኛለች። "ቤቱ ሰው በሰው ነው፣ ስሚ ጫጫታውን!" እላታለሁ፣ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጌ። እሷም "እኔም ጋ እንግዶች አሉ፣ እየበላን ነው" ትለኛለች። ከጀርባዋ ግን ዝንብ እንኳ አይሰማም። ዐቃቤ ሕግ ሆና በሐሰት ምስክርነት ራሷን መክሰስ ነበረባት።

ይህን ካነበበች እንግዲህ ተያዝኩ። ደውላ "ውሸታም ነዎት" ማለቷ አይቀርም። ትበል። ጆሮዬ ከብዷል፣ ትደግምልኛለች።