አዋጅ ነጋሪው የዋጠው ማክሰኞ

በጃንሆይ ዘመን በአርብ ገበያ አንድ ዋለ የሚባል አዋጅ ነጋሪ ነበር። ከገበያው መሃል ካለው ቋጥኝ ላይ ወጥቶ «ስማ! ስማ!» ሲል አህዮች ሳይቀሩ ጆሯቸውን ያቆማሉ። እሱም በድምፁ ይኮራ ነበር። ችግሩ ጩኸቱ ሩቅ ይሄዳል እንጂ ቃሉ አይደርስም፤ ሲጣደፍ ግማሹን ይውጠዋል።

አንድ ዓመት ከብቱ «ደስታ» በሚሉት የከብት ወረርሽኝ ማለቅ ጀመረና ከታቢዎች እንደሚመጡ ተሰማ። ዋለ ቋጥኙ ላይ ወጥቶ በአንድ ትንፋሽ «ማክሰኞ ከብትህን ወንዝ ዳር አውጣ!» ብሎ ለፈፈ። ከገበያተኛው ብዙው የሰማው «ሰኞ» የሚለውን ነው። ሰኞ ከብቱን ነድቶ ወጣ፤ ማንም ስላልመጣ እያጉረመረመ ተመለሰ። ማክሰኞ ከታቢዎቹ ሲደርሱ ያገኙት ከብት ጥቂት ነበር። የጎረቤቱ የገብረ ሕይወት አንድ በሬ ሳይከተብ ቀርቶ ሞተ። ዋለ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀው፤ ያን ዓመትም የራሱን በሬ እያዋሰ አሳረሰው።

የወረዳው ገዥ ግራዝማች ወርቁ አስጠሩት።

«ጉሮሮ እንጂ አንደበት የለህም» አሉት። «ሌላ ሰው ልፈልግ ነው።»

«ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሡኝ» ብሎ ለመናቸው።

ሚስቱ ደጊቱ ተስቦ ታማ ከዳነች ወዲህ ጆሮዋ ደክሟል። ዋለ ሲያናግራት ይጮኻል፤ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። የደረሰበትን እየጮኸ ሊነግራት ሲል እጇን አፉ ላይ አደረገች።

«አትጩህብኝ» አለችው። «ስትጮህ ፊትህ ይቆጣል፣ ቃሉ ይጠፋኛል። ስነቀንቅልህ የሰማሁ ይመስልሃል።»

ዋለ ደነገጠ። ይህን ሁሉ ጊዜ አብረው እየበሉ ሳይነጋገሩ መኖራቸው ያን ጊዜ ገባው።

«ታዲያ እንዴት ላድርግ?»

«ወደኔ ዙር። ትንፋሽህን ሰብስብ። አንዱን ቃል ሳትጨርስ ሌላውን አትጀምር።»

ከዚያ ወዲያ አመሻሽ ላይ እሷ ከአውድማው ጫፍ ትቆማለች፣ እሱ ከማዶ ይናገራል። ከፊሉን በጆሮዋ፣ ከፊሉን ከከንፈሩ ትለቅማለች፤ ያመለጣት ቃል ሲኖር እጇን ታነሣለች። መጀመሪያ እጇ ከላይ አይወርድም ነበር። ዋለ ይናደዳል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ይነሣል። ቀስ በቀስ ትንፋሹን ከሆዱ ማውጣት ለመደ፤ ድምፁ ዝቅ ሲል ቃሉ ጠራ። አንድ ቀን ስለ ገብስ አጨዳ ጀምሮ ድንገት ተወውና «ደጊቱዬ፣ ናፍቀሽኛል» አላት። እጇን አላነሣችም። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ክረምቱ ወጥቶ ከታቢዎቹ ዳግም ሲመጡ ዋለ ቋጥኙ ላይ ቆሞ ሰዉ ዝም እስኪል ጠበቀ።

«ማክሰኞ» አለ። ትንሽ ቆየና ደገመው፤ «ሰኞ አይደለም። በማግስቱ፣ ማክሰኞ!»

ከገበያው ዳር ያሉት ጨው ሻጮች «ሰምተናል!» ብለው መለሱለት። ማክሰኞ ወንዝ ዳሩ በከብት ተሞላ። ግራዝማችም «ይኸው አንደበት አወጣህ» ብለው ሳቁ።

ጎረቤቶቹም ማንም ሳይነግራቸው ከዋለ አይተው ደጊቱን ፊት ለፊት ማናገር ጀመሩ። ከቅዳሴ ሲወጡ ሴቶቹ ወደሷ ዞረው ሲያጫውቷት፣ ጠፍቶ የከረመው ሳቋ ተመለሰ።

ካረጁም በኋላ አብረው ገበያ ሲሄዱ፣ ዋለ ወሬ በጀመረ ቁጥር ወደሷ ዞሮ የኋሊት ይራመዳል።

«አንተ ሰው፣ ትወድቃለህ!» ትለዋለች።

ደግሞም ወድቆ ያውቃል።