አባቴ ከአሰልጣኙ ጋር ሊያስታርቀኝ የመጣ ዕለት

ለጡንቻ ሕመም የሚቀባው ያ የሚያቃጥል ቅባት ዛሬም ሲሸተኝ መቀመጥ አልችልም። ትናንት ባለቤቴ ጉልበቷን ስትቀባ ሸተተኝና ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። አትሳቅብኝ፤ ነገሩ ወዲህ ነው።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቴ ነበር። የቡድናችን ኳርተርባክ ነበርኩ፤ ማለትም ፉትቦል በሚሉት፣ እግር ግን ብዙም በማይነካው ጨዋታቸው ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው፣ ሌላውንም ሁሉ የሚያዘው እኔ ነበርኩ። አባቴ ከጨዋታው አንድም ሕግ አያውቅም። ልጁ አዛዥ መሆኑን ግን ወደብ ላይ አብረውት ኮንቴነር ለሚያመላልሱት ሾፌሮች ሁሉ አውርቷል።

ታዲያ አንድ ረቡዕ አሰልጣኙ ጠራኝና ዓርብ ከሳን ሆዜው ቡድን ጋር ስንጫወት በእኔ ቦታ የሚጀምረው ተጠባባቂዬ የነበረው ልጅ መሆኑን ነገረኝ። ቁጣ የለ፣ ምን የለ። ላብና ቅባት በሚሸተው መልበሻ ክፍል ውስጥ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ መልሼ አሰርኩት። ለአባቴ ምን ብዬ ልንገረው?

ማታ እራት ላይ ነገርኩት። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

"ምን አጥፍተህ ነው?"

"ምንም አላጠፋሁም፣ አባዬ። ኮቹ ዲሳይድ አደረገ፣ በቃ።"

"ሰው እንዲሁ ከቦታው አይነሳም። አስቀይመኸዋል።"

በማግስቱ ልምምድ ላይ ሳለን ሁለት ሱፍ የለበሱ ሰዎች በአጥሩ በር ገቡ። አንዱ አባቴ ነው። ሌላው ፍሩትቬል ሰፈር የሚኖሩ፣ ባልና ሚስት በተጣሉ ቁጥር የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በሱፋቸው ላይ ነጠላ ደርበዋል። የተጣላ ሰው በሌለበት ለሽምግልና መጡ! ጓደኞቼ ጨዋታውን አቁመው ያያሉ። እኔ ሮጬ አሰልጣኙ አጠገብ ደረስኩባቸው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው፣ "ልጅ ነው። አጥፍቶም ከሆነ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩት" አሉና እንዳስተረጉም ወደ እኔ ዞሩ።

አባቴም "ና፣ ጉልበቱን ሳም" አለኝ። ያ ሁሉ ልጅ እያየ!

አሰልጣኙ ግራ ገብቶት ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ። "ለምን እንደቀየርከኝ ማወቅ ፈልገው ነው" አልኩት በእንግሊዝኛ። እሱም አባቴን እያየ፣ ጥሩ ልጅ መሆኔን፣ ግን ለመወርወር እንደምዘገይ፣ ያኛው ልጅ እንደሚሻል ረጋ ብሎ አስረዳ።

ሁለቱም አፍ አፌን ያያሉ። ከእኔ የሚሻል አለ ብዬ በገዛ አፌ ለአባቴ መናገር አቃተኝ። ጉልበት ከመሳሙም ማምለጥ ነበረብኝ።

"ይቅር ብዬዋለሁ ብሏል" አልኩ።

አባቴ የአሰልጣኙን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም።

ዓርብ ከሰዓት ሥራውን ትቶ፣ ያንኑ ሱፍ ለብሶ መጣና ከፊት ተቀመጠ። እኔ ጭቃ ያልነካው ማልያ ለብሼ አግዳሚው ወንበር ላይ ነኝ። ፊሽካ በተነፋ ቁጥር አባቴ አሁን ይገባል ብሎ አንገቱን ያሰግጋል። ከዚያ በኋላ ዞሬ ላየው ፈራሁ። ያኛው ልጅ ድንቅ አድርጎ ተጫወተ፤ አሸነፍን፤ እኔ ሜዳውን አልረገጥኩም።

ወደ ቤት በመኪናው ይዞኝ ሄደ። ስድቡን እየጠበቅኩ ነበር። መብራት ሲይዘን፣

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "አንተማ ልጅ ነህ፣ አፈርክ። ጉልበቱን መሳም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።"

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። በኋላም ዛሬ ነገ ስል አባቴ ሞተ።

እስክመረቅ ድረስ አሰልጣኙን ባየ ቁጥር ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ይልለት ነበር። አሰልጣኙም የአገራችን ሰላምታ መስሎት አጸፋውን ጎንበስ ይላል። እኔ መሃላቸው ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።