ስም የሌላቸው ረድፎች

ከዳታ ሥልጠና የተመለስኩ ሰሞን ሰቆጣ ላይ ከእኔ በላይ ጋዜጠኛ ያለ አይመስለኝም ነበር። ኤክሴል ተምሬ፣ ዳታ መደርደርና ማጽዳት ችዬ መጥቻለሁ። አሠልጣኛችን «ያልጸዳ ዳታ ይዋሻል» ይል ነበር። አባባሉን ቢሮ ላገኘሁት ሁሉ እየደገምኩ ሰው አሰለቸሁ።

ያኔ ሰሃላ ወረዳ ዝናብ ካጣ ሰንብቷል። ሰው በረሃብ እየሞተ ነው ይባላል፤ ኃላፊዎቹን ስጠይቅ ግን «ማስረጃ አለህ?» ይሉኛል። ሞት በማይመዘገብበት አገር ማስረጃ አምጣ ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ተናድጄ ወደዚያው ተነሳሁ፤ መኪናው ከቆመበት ወዲያ ያለውን በእግሬ ሄድኩት።

የአንድ ደብር ቄስ ፍትሐት ያደረሱላቸውን ሙታን የሚጽፉበት ደብተር ነበራቸው። ገጾቹን በሙሉ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ሰቆጣ ተመልሼ መስመር በመስመር ወደ ሠንጠረዡ ገለበጥኩ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ወር። በስሞቹ መካከል እዚህም እዚያም ስም የሌለው፣ ከጎኑ ወሩ ብቻ የተጻፈበት አጭር ጭረት አለ። ቄሱን ልጠይቅ ብደውል ኔትወርክ የለም። ዘገባው ደግሞ ተቸኩሎበታል። በተማርኩት መሠረት ስማቸው ባዶ የሆኑትን ረድፎች መርጬ በአንድ ጊዜ ሰረዝኳቸው። ሠንጠረዡ አማረልኝ። ቁጥሩ በሬዲዮ ጣቢያችን ተነገረ፤ ማስረጃ ሲሉኝ የነበሩትም ዝም አሉ። ኮራሁ፣ ምን ልዋሽ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ሴት ቢሮዬ መጣች። ከሰሃላ በእግሯ ነው የመጣችው፤ አቧራው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። አፍ የፈታችው በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና ስለሆነ አማርኛውን እያሰበች ነው የምትናገረው።

«ሙታኑን የቆጠሩት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«አዎ፣ እህቴ።»

«ልጄ አለችበት?»

ላፕቶፑን ከፈትኩና የልጅቷን ስም ጠየቅኋት።

«ስም የላትም። ለክርስትናዋ ሰማንያ ቀን አልሞላትም። ቄሱ ፍትሐት አይሆንላትም አሉኝ። ግን ደብተሩ ላይ ጫር አደረጉላት፤ አይቻለሁ።»

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሳ፣ ሳይነሳ የሞተ ሕፃን ፍትሐት እንደሌለው ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅኩት። ረሃብ ደግሞ ቀድሞ የሚወስደው የእናቱ ጡት የደረቀበትን ነው። ቄሱ ሥርዓቱ ፍትሐት ያልፈቀደላቸውን ሕፃናት በአንዲት ጭረት አስታወሷቸው፤ እኔ አጸዳኋቸው። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

አስቀመጥኳትና ፎቶዎቹን አውጥቼ ጭረቶቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስኩ። የልጅቷን ወር አብረን አገኘነው። ከዚያ ኮሪደር ወጥቼ ለአለቃዬ ደወልኩ፤ ቁጥሩ ይታረም አልኩት።

«አሁን ካረምን የቀረውንም ውሸት ነው ይሉናል» አለኝ። «ስም ለሌለው ሰው ደግሞ ማን ያምነናል? ተወው።»

ተከራከርኩት። ስልኩን ዘጋብኝ።

ስመለስ ሴትዮዋ ስክሪኑ ላይ ያሳየኋትን ረድፍ በጣቷ ይዛ ጠበቀችኝ። ጣቷን ካነሳች የሚጠፋ መስሏታል።

«አሁን ተቆጠረች?»

«ተቆጥራለች» አልኳት።

መረቀችኝና ተነስታ ወደ ሰሃላ መንገድ ጀመረች። እርማቱን እስከ ዛሬ በሬዲዮ የሰማው የለም።