ከአምባው ያመለጡት ፊታውራሪ በእኛ ቤት

ባሌን ፈትቼ መርሳ አጠገብ ወዳለው የአባቴ ቤት የተመለስኩበት ዓመት ነበር። ደርግ መሬቱን ለገበሬው ካከፋፈለ ቆይቷል፤ አባቴም የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ሆኗል። ከዚያ በፊት የአንድ ፊታውራሪ ጢሰኛ ነበር። አያቴ ታሞ እርሻው ጦሙን ያደረ ጊዜ ፊታውራሪው በሬውን አስነድተው ወስደዋል። አባቴ ይህን ሲያወራ ድምፁ አይለወጥም። የበሬውን መልክ ግን አይረሳም፤ ግንባረ ነጭ ቦራ ነበር።

ፊታውራሪው አብዮቱ እንደመጣ ተይዘው ከወልድያ በላይ ባለ አሮጌ አምባ ታሰሩ። አምባው ከጥንት ጀምሮ ወህኒ ነው። ሦስት ወገኑ ገደል፣ አንዱ ወገን የድንጋይ ግንብ ነው። የገባበት ሰው በእግሩ አይወጣም ይባል ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደጅ ተቀምጬ ማሽላ ሳበጥር አንድ ሽማግሌ በጓሮ በኩል መጡ። ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ መዳፋቸው ተልጧል፤ ጋቢያቸውን እሾህ ተልትሎታል።

«ልጄ፣ ውሃ ስጪኝ» አሉ።

በቅል ሰጠኋቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ አባቴ መኖሩን ጠየቁኝ። ስብሰባ ሄዷል አልኳቸው። እናቴ ድምፅ ሰምታ ወጣች፤ አየቻቸውና ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። በሩን ከዘጋች በኋላ ነው ፊታውራሪው መሆናቸውን የነገረችኝ።

ቂጣና እርጎ አቀረበች። ሥጋ ቢኖርም አናቀርብላቸውም ነበር፤ እሳቸው ክርስቲያን እኛ እስላም ነን፣ የእኛን እርድ አይበሉም። እየበሉ እንዴት እንደወጡ ነገሩን። በንጉሡ ዘመን ያንን አምባ የሚያስጠብቁት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ያኔ አንድ ሽፍታ ግንቡ ከገደሉ ጋር ከሚገናኝበት ላይ ድንጋይ ፈልቅቆ አምልጧቸዋል።

«በኖራ ድፈኑት ብዬ አዝዤ ነበር» አሉ። «ታስሬ ገብቼ ብነካው በጭቃ ነው የደፈኑት። ያኔ ባውቅ አስገርፋቸው ነበር።»

ጭቃውን በማንኪያ እጀታ ሲፍቁት ሰነበቱ። ጉም የወረደ ማለዳ፣ እስረኛው ለመጸዳዳት ሲወጣ፣ ድንጋዩን ገፍተው ሾለኩ። የወይራ ሥር እየጨበጡ ገደሉን ወርደው፣ የመኪናውን መንገድ ትተው ተራራ ለተራራ መጡ።

«ለምን ወደ እኛ?» አለች እናቴ።

«ዘመዶቼ ቤት ቀድመው ይፈልጉኛል። እዚህ ማን ይፈልገኛል?»

አባቴ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ሲገባ ፊታውራሪው ብድግ አሉ። በፊት እሱ ነበር ደጃቸው ቆሞ የሚውለው።

«እጄን ለአንቱ ሰጥቻለሁ» አሉት። የድሮ ጢሰኛቸውን አንቱ አሉት።

አባቴ ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም። «ስብሰባው ስለ እርስዎ ነበር። ያየ እንዲይዝ፣ የደበቀ እንዲረሸን ተብሏል።»

«እንግዲያው ያዙኝ።»

«የአባቴን በሬ ያስታውሳሉ?»

ፊታውራሪው አሰብ አደረጉ። «አላስታውስም። ብዙ በሬ አስነድቻለሁ።»

ምነው በዋሹ ብዬ ደነገጥኩ። እናቴ በመካከላቸው ገባች። «ቤቴ ገብተው እህሌን ቀምሰዋል። ከዚህ ወዲያ ከደጄ አስረህ አትወስዳቸውም። ወላሂ፣ ከወሰድክ እኔንም ጨምር።»

አባቴ ወጥቶ ከብቶቹ ጋ ብዙ ቆየ። ሲመለስ «ነገ የመርሳ ገበያ ነው» ብቻ አለ።

በማግስቱ የአባቴን ሽርጥ አስታጠቅናቸው፤ ራሳቸውን ጠመጠምንላቸው። እናቴ ሰው ሰላም ሲላቸው «ወአለይኩም ሰላም» እንዲሉ አስጠናቻቸው፤ ምላሳቸው አልታዘዝ አለ። ማተባቸውን እንዲበጥሱ ብንለምናቸውም እምቢ አሉ።

«ለማተቤ ከሆነ ልሙት።»

አባቴ አልተከራከረም። ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥሞ ሸፈነው። እኔ ማሽላ ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኩ።

ገበያው መግቢያ ላይ አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል። አንደኛው አባቴን ሰላም ብሎ «ሊቀመንበር፣ እኚህ ማናቸው?» አለ።

«የሚስቴ አጎት ናቸው፤ ከቆላ ነው የመጡት። ጆሯቸው አይሰማም።»

ልጁ «አሰላሙ አለይኩም!» ብሎ ጆሯቸው ላይ ጮኸ። ፊታውራሪው ያጠኑትን ሁሉ ዋጥ አድርገው ፊት ለፊት እያዩ አለፉ። እሱም ስቆ ተወን።

ወደ አፋር አገር የሚወርድ የአባቴ ወዳጅ ግመሎቹን እየጫነ ነበር፤ ለእሱ አስረከብናቸው። ፊታውራሪው የአባቴን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ትከሻቸውን ይዞ አቆማቸው።

«ሰው ያየናል» አላቸው።

ወሬው ግን አልቀረም። አባቴን ወልድያ ወስደው አሰሩት፤ ውስጥ እግሩን ገረፉት። የሚመሰክርበት ሰው ጠፍቶ ሲለቁት ከሊቀመንበርነቱም አነሱት። ጠመንጃውን ሲያስረክብ ቅር ያለው አልመሰለኝም፤ ስብሰባ ድሮም አይወድም። እናቴ ግን እግሩን በሞቀ ውሃ ስታጥብ አቀርቅራ ነበር።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ግመለኛው መጥቶ ፊታውራሪው ቆላ ላይ በወባ መሞታቸውን ነገረን። እናቴ አለቀሰች። አባቴ «ነፍስ ይማር» አለ።

«መሬቱን ግን ቢመለሱም አልሰጣቸውም ነበር» አለ፤ ቀንበሩን አንስቶም ወደ እርሻው ሄደ።