የእትዬ ሲው ፌን አውራ አሳማ

ዮክ ሙይ ቅናቷን መደበቅ አትችልበትም። ከአጥሩ ማዶ የባሏ ታላቅ ወንድም ሚስት ሲው ፌን ትኖራለች። የሲው ፌን እንስት አሳማዎች አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሲወልዱ የእሷዎቹ ሰባት ወልደው ዘጭ ይላሉ። አጥሩ ጥግ የበቀለው ማንጎ እንኳ የሚያጠላው የሲው ፌንን ጋጣ ነው፤ የሌሊት ወፍ ገምጦ የጣለውን ፍሬ የሚለቅሙትም የዚያች አሳማዎች ናቸው። ይህ ሁሉ አንጀቷን ያሳርራት ነበር።

ከሁሉ በላይ ዓይኗ ያረፈው ግን በአውራው አሳማ ላይ ነው። በዚህ የማሌዥያ አሳማ አርቢዎች መንደር ጥሩ አውራ ያለው ሰው በየተራ ለጎረቤት ለማራቢያ ያውሳል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999፣ በቻይናውያኑ ደግሞ የጥንቸል ዓመት እንደባተ፣ ተራው ደረሳትና ልትወስድ ሄደች።

«ሙይ፣ ዛሬ ይቅርብሽ» አለች ሲው ፌን። «ከትናንት ጀምሮ ያስለዋል። እንደ ውሻ ነው የሚጮኸው፣ አላማረኝም።»

«እሱን ነው የሚያስለው ወይስ አንቺን ነው የጨነቀሽ፣ እትዬ? የእኔዎቹ አሥራ ሦስት እንዳይወልዱ ነዋ!»

«ኧረ ምን ሆነሻል! ላንቺው ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኔ ብለሽማ አታውቂም!» አለችና አውራውን በአርጩሜ እየነዳች ወሰደችው።

መንደሩ የሚፈራው ትንኝን ነበር። በታች ሰፈር ሰው በትኩሳት ሲወድቅ የትንኝ በሽታ ነው ተብሎ ሁሉም ተከትቧል። የአሳማ ሳል ማን ይፈራል? ባሏ ኮክ ሴንግ አውራውን አቅፎ፣ እያሳለበት፣ ሦስቱንም እናት አሳማዎች አስጠቃ።

በሁለተኛው ሳምንት ራሱን አመመው። በአራተኛው ቀን ሚስቱን አላወቃትም። በሰባተኛው ቀን ቀበሩት።

ከዚያ ሐኪሞቹ ነገሩ ትንኝ ሳይሆን ከአሳማ ወደ ሰው የሚተላለፍ አዲስ ቫይረስ መሆኑን ተናገሩ። ወታደሮች መጥተው የሁለቱንም ቤት አሳማዎች ገድለው ቀበሩ።

ሲው ፌን የሩዝ ገንፎ ይዛ መጣች። «አጥብቄ መከልከል ነበረብኝ» እያለች አለቀሰች።

«ነግረሽኛል፣ እትዬ። ክፋት የመሰለኝ እኔ ነኝ።»

ስትሄድ ዮክ ሙይ አጥሩ ድረስ ሸኘቻት። የማዶው ጋጣም እንደ እሷው ባዶ ነበር። እንግዲህ የሚያስቀና ነገር አልቀረም ብላ አሰበች።

«ሲው ፌን! ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?» አለ የባሏ ወንድም ከማዶው ቤት ውስጥ። ድምፁ ቁርጥ የኮክ ሴንግ ነው።

ዮክ ሙይ እንደዚያን ቀን ቀንታ አታውቅም።