በበዓለ ሃምሳ የተጾመ ጾም

ባለፈው ሳምንት፣ ሞጣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ሥር አንዲት ተማሪ በሶ ስትበጠብጥ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው እትዬ ጥሩወርቅ ትዝ አሉኝ። ቢቸና አሥረኛ ክፍል ስማር፣ እኔና ሰናይት የተከራየነው ክፍል የእሳቸው ነበር።

ምን ዓይነት ተጠራጣሪ ሴት ነበሩ በማርያም! ስንስቅ ይጠራጠራሉ፤ ዝም ስንል ይብስባቸዋል። የቆርቆሮው በር ኳ ካለ ነጠላቸውን እየጎተቱ ብቅ ነው። ጠላኋቸው፤ ለምን እዋሻለሁ።

ሰናይት የአገሬ ልጅ፣ የቄስ ልጅ ናት፤ ከደብረ ወርቅ ገጠር ስንቃችንን በአንድ አህያ አስጭነን ነው የመጣነው። ክፍል ውስጥ ወንዶቹ በውፍረቷ «ዝፍዝፍ» ይሏታል፤ አንዱማ ስትሮጥ በስልኩ ቀርጾ ለሁሉም አሳየባት። ሁዳዴ ሲገባ መጾም ጀመረች። መጀመሪያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኋላ እስከ ማታ። ሰፈሩ «እንዲህ ያለች ልጅ ይስጠን» እያለ መረቃት። እትዬ ጥሩወርቅ ግን የስንቋን ጆንያ አንስተው መዘኑና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺ ልጅ ትከሳለች፣ ስንቋ ያልቃል። አንቺ ደግሞ ጉንጭሽ ሞልቷል።»

ሌባ ተባልኩ ብዬ ለእናቴ ደውዬ አለቀስኩ።

ፋሲካ አለፈ። ሰናይት አሁንም «ጾም ነኝ» አለች።

«በበዓለ ሃምሳ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመው። «ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት? ኧረ ተይ ልጄ! ቄሱ አባትሽ ይህን ሳያስተምሩሽ ቀሩ?»

ሰናይት እጅጌዋን ወደ ጣቶቿ ጎተተች። እጅጌዋን ሰብሰብ ሲያደርጉት ክንዷ አጥንት ብቻ ነበር። እሪ አሉ። ያኔውኑ ባጃጅ አስጠርተው ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አናተርፋትም ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ለወራት አጠገቧ ተቀምጠው፣ በሶ እየበጠበጡ፣ እየተቆጡም እየለመኑም አበሏት።

በእኔም አልተሳሳቱም። ሰናይት በየማታው ሳህኗን ወደ እኔ እየገፋች «ብዪልኝ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ትለኝ ነበር። ስትከሳ እያየሁ በላሁላት። ደግሞ ጣፈጠኝ።

ይህን ሳልነግራቸው እትዬ ጥሩወርቅ ሞቱ። ሰናይት ተርፋ የልጆች እናት ሆናለች። ለእኔ የተዉልኝ ጥርጣሬያቸውን ነው። ተማሪ ምሳዋን ለጓደኛዋ ስትሰጥ ካየሁ አላልፍም። ሰጪዋን ጠጋ ብዬ ቀስ አድርጌ እጠይቃታለሁ። ቀድሜ ዓይን ዓይኗን የማየው ግን የምትበላዋን ነው።